ጥርስን ነክሶ መኖር

እሺ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም፣ ስለ መንጋጋዬ ነው የማወራው። አዎ መንጋጋ፣ አትሳቁ።

ነገሩ የጀመረው ከጆሮ ነው፣ ማለቴ ጆሮ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግራ ጆሮዬ ስር ይጠዘጥዘኛል፣ ከሰዓት ላይ ወደ ጭንቅላቴ ይወጣል። እማዬ ጆሮ ደግፍ ነው አለች። የጆሮ ሀኪም ጋ ሄድኩ፣ አየና ጆሮሽ ንጹህ ነው ብሎ ሸኘኝ። ከዛ በቃ ጥርስ ነው ብዬ ወደ ጥርስ ሀኪም፣ ኤክስሬይ ምናምን፣ ምንም የለም። አንዱ ቦታ ጭራሽ ንክሻሽ ልክ አይደለም ጥርሶችሽን ትንሽ ትንሽ እንሞርዳቸው አሉኝ፣ እንኳን እምቢ አልኩ።

በመጨረሻ ያየችኝ ዶክተር ሁለት ጣቷን ከጆሮዬ ፊት ለፊት አድርጋ ክፈቺ ዝጊ አለችኝ። ቀጭ። እናንተም አሁን ሞክሩት፣ ጣታችሁን እዛ አድርጋችሁ አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ መጀመሪያ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፣ ከዛ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ሁለቱን የሚያደርግ መገጣጠሚያ ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ትራስ የምታገለግል ቀጭን ዲስክ አለች። እሷ ከቦታዋ ወደ ፊት ሸርተት ካለች፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ተመልሶ ስሯ ሲገባ ነው ቀጭ የሚለው። ድምጹ ብቻውን፣ ህመም ከሌለው፣ ህክምና አያስፈልገውም። እኔ እሱን ነበር የምፈራው፣ የሚያመኝ ግን ጡንቻው ነው። ጉንጫችሁን ይዛችሁ ጥርሳችሁን ግጠሙ፣ የሚያብጠው እሱ ነው፣ ሌላው ደግሞ ከጆሮ በላይ ያለውን የጭንቅላት ጎን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ራስ ምታቱ ከዛ ነው።

ከዛ ምን ብላ ጠየቀችኝ፣ "ጥርሶችሽ አሁን ገጥመዋል ወይስ ተለያይተዋል?" ገጥመዋል። እየበላሁ አይደለም እያወራሁ አይደለም፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ! ለካ ጥርስና ጥርስ የሚገናኘው ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ ነው፣ ሌላው ጊዜ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ነው ማረፍ ያለበት። እኛ ደግሞ ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው እየተባልን ነው ያደግነው፣ እኔ ቃል በቃል ወስጄዋለሁ መሰለኝ።

ህክምናው በጣም ቦሪንግ ነው። ጠንካራ ነገር ለጥቂት ሳምንት አለማኘክ፣ ማስቲካ መተው፣ ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ ጉንጭ ላይ 15 ደቂቃ፣ ሳዛጋ አገጬን በእጄ ደገፍ። ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ያውም ጨጓራና ኩላሊቴ ደህና ስለሆነ። ማታ የሚደረግ የጥርስ መሸፈኛም አሰራችልኝ፣ ጥርስ ማፋጨቱን ያቆማል ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው፣ በዋናነት ጥርሱን ነው የሚያድነው። የእኔን ነገር የቀየረው ስቲከር ነው ብላችሁስ? ትንንሽ ክብ ስቲከር ላፕቶፔ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ መሪው ላይ ለጠፍኩ፣ ባየሁት ቁጥር መንጋጋዬን አየዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ባየሁት ቁጥር ነክሼ ነው ያገኘሁት፣ በተለይ ኢሜይል ሳነብ።

የሞረድ ነገር ከየት መጣ ብዬ ሳነብ፣ በ1934 ጄምስ ኮስተን የሚባል የጆሮ ሀኪም ይህን ህመም የኋላ ጥርስ ከማጣትና ከንክሻ ጋር አገናኝቶት ነበር፣ ህመሙም በእሱ ስም ተጠራ፣ ሀሳቡ በኋላ ውድቅ ሆነ፣ የንክሻ ፍለጋው ግን ስንት ዓመት ቀጠለ። አሁን የሚመከረው ሊመለስ ከሚችል ነገር እንድትጀምሩ ነው። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ አይበቅልም።

አንድ ነገር ግን፣ አፋችሁ ቆልፎ እምቢ ካለ ወይ እብጠትና ትኩሳት ካለ ስቲከር አትለጥፉ፣ ሂዱ። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ሲያኝክ መንጋጋው የሚደክመውና አዲስ ራስ ምታት የጀመረው ሰውም ዛሬውኑ ይታይ፣ የደም ስር ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ያጠፋል። ደረጃ ሲወጡ መንጋጋ አሞ ሲያርፉ የሚተው ከሆነ ደግሞ ልብ ነው መታየት ያለበት።

እኔ አሁን ሦስት ጣቴን ደራርቤ አፌ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ሁለት በግድ ነበር። ቀጭ ማለቱ አልተወኝም። ቅድም ሳዛጋ ማይኩ ይዞት ከሆነ እሱ ነው፣ ኤዲት አላደርገውም። ቻው።