ድብድብ ጌም ለልጅ ይሆናል ወይ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንደኔው በጌም ቤት የምትተዳደሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

እዚሁ ባሕር ዳር ጌም ቤት ከፍቼ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ለጌም ጥብቅና ልቆም የመጣሁ የሚመስላችሁ አትጠፉም። ቤቴን ልዘጋም አልመጣሁ መቼም። የምለው፣ «ድብድብ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ሁሉ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን የሚናገረው የዕድሜ ቁጥር ደግሞ እኛ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቴከን የሚባለውን ጌም እንይ። ሁለት ሰው ይጋጠማል፣ የአንዱ ጉልበት ሲያልቅ ይወድቃል፣ በሚቀጥለው ዙር ተነሥቶ ይቆማል። ሞርታል ኮምባት ላይ ግን ተሸናፊው እየተንገዳገደ ሳለ «ጨርሰው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ፌታሊቲ ነው፤ ጭንቅላት ከነአከርካሪው ይነቀላል። ምሳ ሰዓት ስለደረሰ ሌላውን ልተወው።

ጭቅጭቁ እኛ የጀመርነው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞርታል ኮምባት ወደየቤቱ ሲገባ፣ ከሁለቱ ተፎካካሪ የጌም ማጫወቻ ኩባንያዎች ኔንቲዶ ደሙን ወደ ላብ ለውጦ አወጣው። ሴጋ ደሙን በምስጢር ኮድ ደበቀው፤ ልጆቹ ኮዱን አገኙት፣ ገበያውም ወደ ሴጋ አደላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ ሴኔት ኩባንያዎቹን ጠርቶ አፋጠጠ። በ1994 የዕድሜ ደረጃ የሚሰጠው ኢኤስአርቢ ተቋቋመ፣ በ2003 የአውሮፓው ፔጊ ተከተለ። ሞርታል ኮምባት 11ን አሜሪካኖቹ ለ17 ዓመት፣ አውሮፓውያኑ ለ18 ይሉታል። ቴከን 7ን እነዚያ ለ13፣ እነዚህ ለ16። እነሱም አልተስማሙም፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ያለ ግን የለም።

ቁጥሩ የታተመው በዲስኩ ሽፋን ላይ ነው። እኛ ጋ ጌሙ የሚመጣው በሀርድ ዲስክ ተጭኖ ነው፤ ሽፋን የሚባል ነገር የለም። ልጁ ቴሌቪዥኑ ላይ ከተደረደረው ስም መርጦ ይገባል።

ሌላም አለ። ደረጃው የሚያስበው ጆይስቲክ የያዘውን ልጅ ነው። በባሕር ዳር የከሰዓት ሙቀት ግን ማራገቢያ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሲጫወቱ ከኋላ ብዙ ልጅ ተኮልኩሎ ተራ ይጠብቃል። ታላቁን ተከትሎ የመጣ፣ የፊት ጥርሱ ገና የወለቀ አንድ ልጅ አለ። ፌታሊቲው ሲመጣ ፊቱን በወንድሙ ሹራብ ይሸፍናል፤ በአንድ ዓይኑ ግን ያያል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ሒሳብ የሚከፍለው ትልቁ ልጅ አይደለም።

እውነቱን ልናገርና፣ ክፍሌ ውስጥ ጠብ የሚነሣው ከድብድብ ይልቅ በኳስ ጌም ነው። «ተሸናፊ ይከፍላል» ከተባለ ገንዘብ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጓደኝነት የለም። ስለ ደሙ ስንጨነቅ ውርርዱን እንዳንረሳው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ከለጠፍነው ዋጋ አጠገብ የየጌሙን ዕድሜ በትልቁ እንጻፍ። ሁለቱ ድርጅቶች ሲለያዩ ከፍ ያለውን እንያዝ። ሕፃን ክፍሉ ውስጥ ካለ፣ ቆሞ ቢሆንም፣ ሞርታል ኮምባት አይከፈት። ገቢያችን ትንሽ ይቀንሳል፤ አውቃለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በክፍል ሰዓት ሲመጣ እንድንመልሰውም መምህራን ደጋግመው ጠይቀውናል፤ ትክክል ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ፍለጋ ስትመጡ በር ላይ ቆማችሁ ስሙን እየጠራችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። እባካችሁ ግቡ። አንድ ዙር እስኪያልቅ ከኋላው ቁሙና ምን እንደሚጫወት እዩ። ተገቢ ካልመሰላችሁም ለእኔ ንገሩኝ፤ ጌሙን የምዘጋው እኔ ነኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ካለ እዚሁ አለሁ።