የፊደል አጣጣልም ይሸለማል

ሜሮን፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬም አራት ኪሎ በምትገኘው ጠባብ ክፍላችን ተገናኝተናል። ባለፈው ቃል እንደገባነው የምንነጋገረው በተከታታይ ሥዕልና ጽሑፍ ታሪክ ለሚተርኩት ኮሚኮች ስለሚሰጡ ሽልማቶችና የዓመቱ ምርጥ ስለሚባሉት ሥራዎች ነው። ጋሽ ይልማ፣ ከአይስነር ይጀምሩልን?

ይልማ፦ እጀምራለሁ። ሽልማቱ የተሰየመው በአሜሪካዊው የኮሚክ ሠዓሊና ደራሲ በዊል አይስነር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሰጣል፤ አሸናፊዎቹም በሳን ዲዬጎ በሚካሄደው ዓመታዊ የኮሚክ ጉባኤ ላይ ይታወቃሉ። ዕጩዎቹን ጥቂት ዳኞች ይመርጣሉ፣ ከዚያ ድምፅ የሚሰጡት በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለ አሠራሩ ይህ ይበቃናል፤ እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ዘርፍ ለመናገር ነው።

ሜሮን፦ ገምቼ ነበር። ፊደል!

ይልማ፦ የፊደል አጣጣል! ደራሲው ጽፎ፣ ሠዓሊው ሥሎ ካበቃ በኋላ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በሥዕሉ ላይ ባሉት ክቦች ውስጥ የሚያሰፍረው ሰው ራሱን የቻለ ሽልማት አለው። ቶድ ክላይን የሚባለው ባለሙያ በዚህ ዘርፍ ከአሥር ጊዜ በላይ አሸንፏል። ስታን ሳካይም የሳሙራይ ጥንቸሉን ታሪክ ራሱ እየጻፈ፣ ራሱ እየሣለ፣ ፊደሉንም በገዛ እጁ እየጣለ ተሸልሟል። እኛ ዘንድ ግን ፊደል የሚጥለውን ሰው ስም በሽፋን ላይ አይቼ አላውቅም።

ሜሮን፦ አንባቢ ኮሚክ የሚገዛው ለፊደሉ ብሎ አይመስለኝም፣ ጋሼ።

ይልማ፦ እኔ ማንበብ የጀመርኩት በፊደሉ ምክንያት ነው። አባቴ ሳሎን ውስጥ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአርባ አራት ሣጥኖች የተሣለበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። በዘንዶው ይጀምርና ታቦተ ጽዮን ወደ አገራችን ስትመጣ ያበቃል፤ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። አባቴ በዘንግ እየጠቆመ ያነብልኝ ነበር፤ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ጨው የበዛበት ምግብ አብልቶ፣ ሌሊት ውሃ ስትጠጣ የያዛት ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ዘንጉ ዘልሎ ያልፋል። «ይህቺን ሠዓሊው ተሳስቶ ነው የሣላት» ይለኝ ነበር።

ሜሮን፦ እንግዲያው የእርስዎ ሥዕል አርባ ሦስት ነበር ማለት ነው።

ይልማ፦ አርባ ሦስት! እንግዳ ሁሉ አርባ አራት ሲል እኔ ተከራክሬ አለቅስ ነበር። በኋላ ፊደል ስቆጥር በመጀመሪያ ለብቻዬ ያነበብኩት መስመር፣ አባቴ የዘለላትን ሣጥን ነው።

ሜሮን፦ ጎንደርም እርስዎ ቢቆጥሩት ኖሮ አርባ ሦስት ታቦት ይኖረው ነበር።

ይልማ፦ አትቀልጂ። ያ ሥዕል ኮሚክ ነው፤ ሣጥን አለው፣ ቅደም ተከተል አለው፣ ጽሑፍ አለው። የጽሑፉም አጣጣል የታሰበበት ነበር። የጥንቱ ጸሐፊ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ስለሚያደርግ፣ ቃሉን በመስመር መጨረሻ በፈለገበት ይቆርጠዋል፤ ነጥቡ እስኪመጣ ድረስ ቃሉ እንዳላለቀ አንባቢው ያውቃል። እኛ ነጥቡን ትተን ክፍት ቦታ ስናደርግ ያ ነፃነት ቀረ። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም በአንድ ቃል አዝሎ ስለሚሄድ ይረዝማል፤ የንግግሩ ክብ ግን ጠባብ ነው።

ሜሮን፦ የ«ም»ን ታሪክ ሊነግሩን ነው።

ይልማ፦ ልንገራቸው እንጂ! ለአንድ አጭር ኮሚክ ፊደል ጥዬ ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ እናትየዋ «አልተመለሰችም» ትላለች። አንድ ማተሚያ ቤት ሳይጠይቀኝ ገጹን ስላጠበበው «አልተመለሰች» ከላይ ቀረና «ም» ብቻዋን ከታች ወረደች። ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ገጽ ላይ «ይህቺ "ም" ምንድን ናት?» እያለ ጠየቀኝ። ደግሞም የእኛ ፊደል በትንሽ ጭረት ይለያያል፤ «ና» ያለው «ኑ» ተብሎ ቢነበብ፣ አንድ ሰው ተጠርቶ መንደሩ በሙሉ ይመጣል።

ሜሮን፦ አሁን ወደ ዓመቱ ምርጦች እንመለስ፤ ጊዜያችን እያለቀ ነው። እኔ በእነዚህ ሽልማቶች የምከተለው ታሪኩን ነው። የትውልደ ናይጄሪያዊቷ አሜሪካዊት ደራሲ የንነዲ ኦኮራፎር «ላጋርዲያ» እ.ኤ.አ. በ2020 አይስነርን ሲያገኝ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጡራንና ስለ ስደት ያነሳው ጥያቄ ነው የማረከኝ፤ ፊደሉን ልብ አላልኩትም።

ይልማ፦ ልብ ካላልሽው በደንብ ተጥሏል ማለት ነው።

ሜሮን፦ ይህ ክርክር አያሸንፈኝም! አይቮሪኮስታዊቷ ማርጌሪት አቡዌም በ«አያ» ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳዩ የአንጉሌም የኮሚክ ፌስቲቫል ስትሸለም ያከበሯት የዮፑጎንን ሰፈር ኑሮ ስለተረከች ነው። ከእኛም «ጀምበር» የተባለው ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጥቷል። መጀመሪያ ታሪክ ይብዛልን፤ ፊደሉ ይደርሳል።

ይልማ፦ ታሪኩ በዝቶ ክቡ ውስጥ ካልገባስ? አይስነርም ቢሆን የሚያየው አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበውን ስለሆነ፣ የእኛን አማርኛ የሚዳኝልን የለም። የራሳችን ሽልማት ሲኖር የመጀመሪያው ዘርፍ ፊደል ይሁን።

ሜሮን፦ ሁለተኛው ይሁን።

ይልማ፦ ሁለተኛም ይሁን፣ ብቻ ይኑር።

ሜሮን፦ በነገራችን ላይ ትናንት በቸርችል ጎዳና ስወርድ አንድ የስጦታ ዕቃ መደብር መስኮት ላይ የንግሥተ ሳባን ሥዕል አይቼ ቆሜ ቆጠርኩት።

ይልማ፦ ስንት ሆነ?

ሜሮን፦ አርባ ሁለት። ጥግ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል።

ይልማ፦ ከወረቀቱ ሥር የትኛዋ ሣጥን እንዳለች አውቃለሁ!