ሬዲዮው፣ ጋዜጣውና ሽማግሌው አስተናጋጅ

እንደምን አመሻችሁ፣ የደሴ ልጆች! እናቶች፣ አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁልን።

የቴአትር ሥልጠናችሁ ዛሬ ያልቃል። ምክር ስጥ ተብዬ ነበር። እኔ ግን የአንድ ተዋናይ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሲድኒ ፖይቲየር ይባላል። በ1964 በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ሲወስድ፣ ያን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

የቲማቲም ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ በባሃማስ ካት በምትባል ደሴት ይኖሩ ነበር። ቲማቲም ሊሸጡ ማያሚ በሄዱበት፣ በ1927፣ ወሩ ሳይሞላ ተወለደ። በጣም ከማነሱ የተነሳ አባቱ ለመቅበሪያ ብሎ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ። እናቱ ግን ልጄ አይሞትም አለች። ደሴቲቱ ላይ መብራት የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ። ትምህርት ቤትም ብዙ አልቆየም።

በ16 ዓመቱ ኒውዮርክ ገብቶ ሰሃን አጣቢ ሆነ። አንድ ቀን ሃርለም ያለ የጥቁሮች ቴአትር ተዋናይ እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ አየና ሄደ። የሚያነበው ሰጡት። ተንተባተበ። በዚያ ላይ የደሴት ቅላጼው! ፈታኙ ወረቀቱን ነጥቆ ገፍቶ አስወጣው። ሂድና ሰሃን እጠብ አለው። ሲድኒ ሥራው ምን እንደሆነ ግን አልነገረውም ነበር። ያንገበገበው ይሄ ነው።

እኔም በእናንተ ዕድሜ አዲስ አበባ ለፈተና ቀርቤ ነበር። «ተደሴ ነው የመጣሁ» ስል ሳቁ። ያቺ «ተ» ናት ያሳቀቻቸው። ከዚያ በኋላ የሰማኝ የለም። አውቶቡሱ ኮምቦልቻን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ፣ እናቴን ምን ልበላት እያልኩ ነበር።

ሲድኒ ሬዲዮ ገዛ። ስድስት ወር ያህል ዜና አንባቢዎቹን እየተከተለ ተናገረ። ንባቡን ያቃናለት ደግሞ እሱ ሰሃን በሚያጥብበት ምግብ ቤት አስተናጋጅ የነበረ ሽማግሌ አይሁዳዊ ነው። ሌሊት፣ ደንበኛው ሁሉ ሲሄድ፣ ጋዜጣ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ይሄ ቃል እንዲህ ይነበባል፣ ይቺ ምልክት ነጠላ ሰረዝ ናት ይለዋል። ከዚያ ሲድኒ ወደዚያው ቴአትር ተመለሰ። የፅዳቱን ሥራ ልሥራላችሁ ብሎ ገባ።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኛል። የአገሩን ቅላጼ መተው ነበረበት። በሩ የሚከፈተው በዚያ ብቻ ነበር። እናንተም የመድረክ አማርኛን ጥርት አድርጋችሁ ልመዱ፣ የግድ ነው። የእናቶቻችሁን አነጋገር ግን እንዳትጥሉብኝ! የወሎ ሰው በፊልም ሲመጣ፣ ሌላ ሰው እያስመሰለ ለምን ይጫወተው? እናንተ እያላችሁ!

አንዴ ደግሞ ልጅ ሊወለድለት ሲል ኪሱ ባዶ ነበር። በሳምንት 750 ዶላር የሚከፍል የፊልም ሥራ መጣለት። የሚጫወተው ሰውዬ ሴት ልጁ ተገድላ ግቢው ውስጥ ትጣላለች። አባትየው ግን ምንም አይልም። ሲድኒ እምቢ አለ። የእሱ አባት እንዲህ ዝም የሚል ሰው አልነበረማ! የቤት ዕቃውን አሲዞ 75 ዶላር ተበደረና የመውለጃውን ከፈለ። ይህን ሳስብ ዛሬም እንባዬ ይመጣል።

በ1967 ብቻ ሦስት ታላላቅ ፊልሞች ወጡለት። በቴሌቪዥን ማንዴላን ሆኖ ተጫውቷል። ባሃማስን ወክሎ በጃፓን አምባሳደር ነበር። በ2022 በ94 ዓመቱ አረፈ።

ያን ሽማግሌ ግን በወጉ ሳያመሰግነው ቀረ። አርጅቶም ይህን ሲያወራ እንባ ይተናነቀው ነበር።

የእኔ ሽማግሌ እዚህ አሉ። ያኔ ከአዲስ አበባ አንገቴን ደፍቼ ስመለስ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤታቸው በረንዳ ላይ አዲስ ዘመን ዘርግተው በየማታው ያስነበቡኝ መምህሬ። ጋሼ፣ ከኋላ ተደብቀው ሲቀመጡ አይቼዎታለሁ። እባክዎ ይነሱልኝ፣ ልጆቹ ይዩዎት።