በነጻ የሚሰጥ ሥራም መዝገብ ላይ ይጻፍ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው እዚህ ሐዋሳ ላይ ትንሽ ጋለሪ ለከፈቱ ወይም ሊከፍቱ ላሰቡ ሠዓልያን ነው።

ጋለሪ ከከፈታችሁ ሁለት ዓይነት እንግዳ ይመጣባችኋል። አንዱ ሥዕል ሊገዛ ይመጣል። ሌላው ደግሞ «ለትምህርት ቤታችን ግድግዳ አንድ ነገር ቢስሉልን»፣ «ለእድራችን ገቢ ማሰባሰቢያ አንድ ሥዕል ቢሰጡን»፣ «ልጄን ቢያስተምሩልኝ» እያለ ይመጣል። ሁለተኛውን እንግዳ ሸክም ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የሰፈሩ ሰው የማይገባበት ጋለሪ የሚኖረው የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ነጻ ሥራ ስለማይጻፍ ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም። የኪራይ ቀን ሲደርስ ገንዘቡ የለም፤ ከዚያ ሠዓሊዋ ማኅበረሰቡን ትቀየማለች። ስለዚህ በነጻ የሚሰጥ ሥራም እንደተሸጠ ሥራ ከነዋጋው መዝገብ ላይ ይጻፍ እላለሁ።

አንድ ደብተር ይበቃል። በግራ ገጽ የተሸጠው፣ በቀኝ ገጽ የተሰጠው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ አስር በመቶ ወደ ቀኝ ገጽ ይዞራል። ለልጆች የሚገዛው ቀለምም፣ ለእድሩ የተሰጠው ሥዕልም ከዚያ ይቀነሳል። ቀኝ ገጹ ባዶ ሲሆን መልሱ «አይ» ሳይሆን «በሚቀጥለው ወር» ነው። ሰው ይህን ይረዳል። የሚያስቀይመው ዛሬ እሺ ብሎ ነገ መጥፋት ነው።

ታዲያ የሰጣችሁትን ለመጻፍ መጀመሪያ የታወቀ ዋጋ ሊኖራችሁ ይገባል። ብዙ ሠዓሊ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢውን አይቶ ነው፤ ይሄ ጋለሪ ይገድላል። ቀላሉ መንገድ የሥዕሉን ቁመትና ወርድ ደምሮ በአንድ ሴንቲሜትር ዋጋ ማባዛት ነው። ለምሳሌ ዋጋችሁ በሴንቲሜትር 60 ብር ቢሆን፣ 40 በ50 የሆነ ሥዕል ድምሩ 90 ስለሆነ 5,400 ብር ይሆናል። 80 በ100 የሆነው ድምሩ 180፣ ዋጋው 10,800 ብር። ለምን በስፋት፣ ማለትም ቁመቱን በወርዱ አባዝቶ፣ አይሰላም ካላችሁ፣ በስፋት ከሄዳችሁ ትልቁ ሥዕል የትንሹን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ወይ ትልቁ ሳይሸጥ ይቀመጣል፣ ወይ ትንሹ በርካሽ ይሄዳል። ፍሬም ለብቻው ይደመር፤ የእንጨት ዋጋ ከእናንተ ጋር ተማክሮ አይጨምርም። ገዢ መከራከሩ አይቀርም፣ ያለ ነው። የምትቀንሱትን መጠን አስቀድማችሁ ወስኑና ሁለት ሥዕል ለሚወስድ አቆዩት።

የሌላ ሠዓሊ ሥራ ተቀብላችሁ የምትሸጡ ከሆነ አንድ ገጽ ውል ይኑር፦ የሥዕሉ ርዕስ፣ መጠን፣ ዋጋ፣ የእናንተ ድርሻ፣ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚሰጥ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከድርሻው ሳይሆን ከዚህ ቀን ነው።

ስለ ክፍሉ ባጭሩ። ሁሉም ሰው ወደ ሐይቁ የሚያይ መስኮት ይመኛል። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ያ መስኮት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ቀጥታ ያስገባል። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥራና የውሃ ቀለም ፊት ለፊቱ ከተሰቀለ ይገረጣል፤ እዚያ አክሪሊክ ወይም ዘይት ቀለም ስቀሉ፣ መጋረጃም አድርጉ። በክረምት የውጭ ግድግዳ ስለሚረጥብ ሸራው ከጀርባው ይሻግታል። ከታች በሁለቱ ማዕዘን አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው እንጨት ለጥፉ፣ አየር ይግባ። ለከፍታው የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 150 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። ሚስማሩን ለማግኘት 150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሩ፤ ከዚያ ከጀርባው የታሰረው ማንጠልጠያ ሽቦ ተወጥሮ ሲሳብ ከላይኛው ጠርዝ ስንት እንደሚርቅ ለኩና ቀንሱ። ቁመቱ 80፣ ሽቦው 7 ዝቅ ቢል፣ ሚስማሩ 183 ላይ ይመታል።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። የሥዕል ትምህርት ሲባል ሁሉም ሰው ቅዳሜን ያስባል። ሐዋሳ ላይ ግን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ የሚዞርበት ቀን ነው። ወለሉ በልጆችና በቀለም ተሞልቶ ገዢ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ስላሉ ረቡዕ ጠዋት ለከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ብታደርጉት ሁለቱም አይጋጩም። ለአንድ አስተማሪ ከአሥራ ሁለት ልጅ አይብለጥ፤ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ቀለሙ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ ይሁን። ጥቁሩን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብቁት፤ ልጆች ጥቁር ካገኙ ሁሉም ነገር ጭቃ ይመስላል፣ ቀለም እንዴት እንደሚወለድም ሳያዩ ይቀራሉ። ቢጫና ሰማያዊ ተገናኝተው አረንጓዴ ሲሆኑ ልጅ የሚያሳየው ፊት፣ እውነቴን ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚከፈል ትልቅ ክፍያ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ኩባያ ውሃ ያስፈልጋል፣ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ሌላው ማቅጠኛ። ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ብትሰጡ ለአሥራ ሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን 240 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። ያ ሒሳብ ቀኝ ገጽ ላይ ይግባ።

የበዓል እቅድ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ሲከበር በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ በሕዝብ ይሞላል፤ ለኤግዚቢሽንም ጥሩ ጊዜ ነው። ቀኑን የሚወስኑት ግን ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ስለሆኑ በየዓመቱ ይለያያል። ፖስተሩን ቀን ሳትጽፉበት አሳትሙና ቀኑ ሲታወጅ በእጅ ጻፉበት። የገብርኤል በዓላት፣ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19፣ ቀናቸው የታወቀ ስለሆነ እንዲህ አያስቸግሩም።

የትምህርት ቤት ግድግዳ ደግሞ ብዙ ደግ ሐሳብ የሚበላሽበት ነው። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን በመዳፋችሁ አሹት። ነጭ ዱቄት ከያዘ ኖራ ነው፤ በላዩ የተቀባ ቀለም እንደ ወረቀት ተላጦ ይወድቃል። በሽቦ ብሩሽ ፋቁት፣ እጠቡት፣ ሲደርቅ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያስይዘውን የመጀመሪያ ቅብ፣ ቀቡት። አዲስ ልስን ከሆነ አንድ ወር ያህል ጠብቁ፣ ሲሚንቶው ቀለሙን ይበላል። ከክረምት በኋላ ግድግዳው የጠጣው ውሃ እስኪወጣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመረጣሉ። ከታች 40 ሴንቲሜትሩን ለዞኮሎ ተዉት፣ አንድ ጠቆር ያለ ቀለም ብቻ፤ የዝናብ ፍንጣቂና የልጆች ጫማ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፊት እዚያ አትሳሉ።

4 ሜትር በ2.5 ሜትር የሆነ ግድግዳ 10 ካሬ ሜትር ነው። ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ገደማ አንድ ጊዜ ይሸፍናል፤ ሻካራ ልስን ግን ይጠጣል፣ ስለዚህ ለሁለት ዙር መደብ 3 ሊትር ያዙ። ንድፉን 40 በ25 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ሥሩና በ5 ሴንቲሜትር ካሬ ከፋፍሉት፤ ግድግዳውን በ50 ሴንቲሜትር። የጠመኔ ዱቄት የተቀባ ገመድ ወጥራችሁ ብትለቁት ቀጥ ያለ መስመር ይጥላል። በወረቀቱም በግድግዳውም አርባ ካሬ ይወጣል። ሰማዩን፣ ሐይቁንና የእንሰቱን ቅጠል ለልጆች ስጡ። የአባ ኮዳውን ምንቃርና የሰው ፊት ራሳችሁ ያዙ። ጠዋት ጀምራችሁ አምስት ሰዓት ላይ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ብሩሽ ላይ ይደርቃል።

ስትጨርሱ ከእያንዳንዱ ቀለም ግማሽ ሊትር አትርፉ። ክዳኑ ላይ የትኛው ቦታ እንደተቀባበት ጽፋችሁ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል በፊርማ አስረክቡ። በሚቀጥለው ክረምት የሚላጠውን እናንተ ሳትጠሩ የሚጠግኑት በዚያ ነው። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕልን በአውቶቡስ ስለ መላክ እናወራለን።