ሥጋ በል ዕፅዋት በግሪንሃውስ፦ የሚገድላቸው ብርዱ ነው ወይስ ሙቀቱ?

[ምስል፦ ዝንብ ቀላ ያለ ቅጠል ላይ ታርፋለች]

ዝንቧ አንዱን ፀጉር ነካች። ምንም የለም። ትንሽ ተራምዳ ደግማ ነካች፤ ቅጠሉ ጥርቅም! ይህች ሥጋ በል ተክል፣ ቬነስ ፍላይትራፕ፣ ትቆጥራለች። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ካልመጣ አትዘጋም። በወደቀ ገለባ ሁሉ ብትታለል ጉልበቷ በከንቱ ባለቀ ነበር።

ዝንብ የምትበላው ግን ርቧት አይደለም። ምግቧን እንደማንኛውም ተክል በፀሐይ ብርሃን ትሠራለች። የትውልድ ቦታዋ አሜሪካ፣ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ጠረፍ አካባቢ ብቻ ነው፤ እርጥቡ አሸዋማ አፈር ደግሞ ናይትሮጅን እጅግ ያንሰዋል። ስለዚህ ማዳበሪያዋን ራሷ ታድናለች። እኛ አዝነንላት ፍግ ስንጨምር ሥሯ ይቃጠላል። የቧንቧ ውሃም ማዕድኑ አፈሩ ላይ እየተጠራቀመ ይጎዳታል። የዝናብ ውሃ፣ ማዳበሪያ ያልገባበት ፒት ሞስ (ሞስ የሚባል ትንሽ የረግረግ ተክል በስብሶ የሚሆነው አፈር መሳይ ነገር)፣ በደንብ የታጠበ አሸዋ። በቃ።

[ምስል፦ ግሪንሃውስ፣ መስታወቱ አልቦታል]

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ግሪንሃውስ ሲባል ሙቀት ብቻ ይታየዋል።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ካለችው የቦርኒዮ ደሴት የመጣችውን ሥጋ በል ተክል፣ ኔፔንቲስ ራጃን፣ ተመልከቱ። እንስራ መሳይ ወጥመዷ ከ2 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። (አይጥ መሳይ እንስሳ የክዳኑን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ይወጣና እዚያው ይጸዳዳባታል። እሷ ቅር አይላትም፤ ናይትሮጅን ነው።) የምትበቅለው ኪናባሉ ተራራ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ቀኑ ለስላሳ ሙቀት፣ ሌሊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን አየር ያውቀዋል፦ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ጋቢ። «ይበርዳታል» ብሎ ሌሊት ማሞቂያ የሚያበራላት ሰው ቀን የሠራችውን ስኳር ሌሊት እንድታቃጥል እያደረጋት ነው። የቆላዋ ዘመዷ ኔፔንቲስ አምፑላሪያ ግን ሌሊቱም ከ20 ዲግሪ በላይ ቢሆንላት ትመርጣለች። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ ማኖር አንዷን መቅጣት ነው።

የአየሩ እርጥበትም አለ። እንስራው የሚያድገው ከቅጠሉ ጫፍ ስለሆነ፣ አየሩ ሲደርቅ ጫፉ ይደርቅና ተክሏ ቅጠል ብቻ ይዛ ትቀራለች። ይህን ፈርቶ ቤቱን ድፍን አድርጎ መዝጋት ደግሞ ሻጋታ ይጋብዛል፤ አየሩን የምታንቀሳቅስ ትንሽ ቬንትሌተር አስገቡ።

[ምስል፦ ቅጠሏ የጠቆረ ፍላይትራፕ]

ይህች ሞታለች? አልሞተችም፤ ተኝታ ነው። ካሮላይና ውርጭ አለ፤ ፍላይትራፕም በዓመት ሦስት ወር ያህል፣ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ታርፋለች። ዓመቱን ሙሉ በሚሞቅ ግሪንሃውስ ያለ እረፍት የከረመች ከዓመት ዓመት እየቀጨጨች ትሄዳለች።

ብርድ በሌለበት አገር የሚያሳድጓት ሰዎች መላ አላቸው። ከአፈር ያወጧትና ሥሯን በእርጥብ ሞስ ጠቅልለው፣ በላስቲክ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያስተኟታል። ፍሪዘር አላልኩም፣ ፍሪጅ! ላስቲኩ ላይም ስሟን ጻፉበት፤ አለበለዚያ ፍሪጁን የሚያጸዳ ሰው የበሰበሰ ጎመን መስሎት ይጥላታል።