ክንድ ከመጫር ዋና ማስተማር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወላጆች፣ አሠልጣኞችና እንግዶቻችን፤ እንኳን ልጆችን ዋና ለሚያስተምረው ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ በሰላም መጣችሁ።

ቢሾፍቱ ያደገ ሰው ይህችን ዘዴ ያውቃታል። ልጅ ከሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ እናት የት ዋልክ ብላ አትደክምም፤ ክንዱን ያዝ አድርጋ በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች። ነጭ መስመር ከወጣ አለቀ፣ ሐይቅ ገብቷል። እኛም አንሰንፍም፤ ቅባት ከቤት ሰርቀን እንወጣና ተለቃልቀን እንመለሳለን። አሳሳቃችሁን ሳይ ያልተጫረ ያለ አይመስለኝም።

እናቶቻችን ቢሰጉ እውነታቸውን ነው። የከተማችን ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዳር ላይ ጉልበቱ ድረስ የቆመ ልጅ ጥቂት እርምጃ ሲጨምር እግሩ መሬት ያጣል። ችግሩ ክልከላው ከሐይቁ አላራቀንም፤ ያራቀን ከቤት ሰው ዓይን ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጓደኛችን ሰጠመ። አብረነው የነበርን ልጆች ልብሳችንን አንስተን ወደየቤታችን ሮጥን። አንዳችንም አልጮህንም፤ ልምጭ ፈርተን። ማታ እናቱ በየቤቱ እየዞረች ስትጠይቅ እኔም “አላየሁትም” ብያለሁ። ሊቀመንበር ሁን ስትሉኝ ለምን እንዳላንገራገርኩ እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ 5 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ለእነዚህ ዋና አይደርስላቸውም፤ የጉድጓድ ክዳን፣ አጥርና የማይዘናጋ ጠባቂ ነው የሚያሻቸው። ድርጅቱ ዋና ይማሩ የሚለው ከ6 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ነው፤ እኛም የምንመዘግበው ከዚያው ዕድሜ ነው።

“ልጄ መቼ ነው የሚወዳደረው?” የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ይደርሳል። መጀመሪያ ግን ልጁ ልብሱን እንደለበሰ ገንዳ ውስጥ ሲወድቅ ሳይደነግጥ ይውጣ፣ በጀርባው ተገልብጦ ይንሳፈፍ፣ ትንፋሹን ይሰብስብ፣ ከዚያ እየቀዘፈ ዳር ይያዝ። ይህን ሳይችል ፍጥነት የሚያስተምር አሠልጣኝ የለንም። ጓደኛው ሲሰጥም ደግሞ ዘሎ እንዳይገባ፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይዞ ይወርዳል። ዱላ ያቀብል፣ ገመድ ወይም ነጠላ ይወርውር፣ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ ይጣልለት። ከሁሉ በፊት ይጩህ። ይህኛውን አሠልጣኝ ብቻውን አያስተምረውም፤ እናንተም “እውነቱን ብትነግረኝ አልመታህም” ብላችሁ ቃል ግቡ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ።

ሌላው ጥቅም በቤታችሁ የምታዩት ነው፤ ዋኝቶ የመጣ ልጅ ሳይለመን ይበላል፣ ሳይጨቃጨቅ ይተኛል። እግሩ ታሞ ሜዳ ላይ ከጓደኞቹ የሚቀር ልጅም ውሃው ክብደቱን ይሸከምለታል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ገንዳ የለመደ ልጅ ሐይቅ ቻለ ማለት አይደለም። ገንዳው ወለሉ ይታያል፣ የሚያዝ ጠርዝ አለው፤ የእኛ ሐይቅ ሁለቱም የሉትም።

ቅር የሚለኝ የሴት ልጆች ማነስ ነው። ውሃ ሊቀዱ፣ ልብስ ሊያጥቡ ሐይቅ ዳር የሚወርዱት እነሱ ሆነው ሳለ ገንዳ ዳር ግን አናያቸውም። አለባበሱ ከሆነ ያሳሰባችሁ፣ ረጅም ሱሪና ቲሸርት ይበቃል። ሴት አሠልጣኝ ከሆነ ደግሞ ዛሬ እንወስናለን።

ከፊታችን ሁለት አጀንዳዎች አሉ፦ ለሴቶች የተለየ ቀንና ሴት አሠልጣኝ መመደብ፣ እንዲሁም ልጆች በሚበዙባቸው የሐይቅ ዳርቻዎች ገመድና ጀሪካን የሚንጠለጠልበት እንጨት ማቆም። ለሁለተኛው ገንዘብ ያዡ ዋጋውን አጥንቶ መጥቷል፤ ሳትነታረኩ ስሙት። ጉባኤው ተከፍቷል።