ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ በእግር

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እረፍቴን ጨርሼ ሐዋሳ ገብቻለሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም። ስለ እረፍቴ የመጨረሻ ቀን ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

መቼም የእረፍት የመጨረሻ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ሻንጣ ይታሰራል፣ መርካቶ ተሂዶ የታዘዘ ዕቃ ይገዛል፣ ሳይጠየቅ የቀረ ዘመድ ይጠየቃል። ከዚያ ይመሻል። እኔ ግን ዘንድሮ ግዢውንም ጥየቃውንም ቀደም ብዬ ጨረስኩና ያን ቀን ለአዲስ አበባ ተውኩላት። ደግሞ እንጦጦ፣ አንድነት ፓርክ፣ የዓድዋ መታሰቢያ እያልኩ ሁሉንም ላዳርስ አልሞከርኩም። አንድ መንገድ ብቻ መረጥኩ። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ በአምስት ኪሎ አድርጎ፣ አራት ኪሎ። ቁልቁለት ስለሆነ በእግር አያደክምም።

ታክሲው ስድስት ኪሎ ሲያወርደኝ ቀጥታ ወደ የካቲት 12 ሐውልት ሄድኩ። ከታክሲ መስኮት ስንቴ አይቼዋለሁ! ቀርቦ፣ ዙሪያውን የተቀረጹትን ምስሎች ቆም ብሎ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች ከተማው ላይ ተለቀቁ። ሰው በጥይት ብቻ አይደለም፣ በዶማና በአካፋ ተገደለ። ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያለቁትን 30 ሺህ ይላቸዋል። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት እነዚያን ሰዎች ነው። ስማቸው የትም ያልተጻፈውን።

ቦምቡ የተወረወረው እዚያው አጠገብ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ዛሬ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍተሻውን አልፋችሁ ስትገቡ ተማሪዎች ደብተር ይዘው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ያጠናል፣ ሌላው ያወራል። ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆኗል። መስቀሉ፣ ሥዕሉ፣ በገናውና ክራሩ፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። ሁሉም ደስ ይላል። ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን ውጪ ያለው ደረጃ ነው።

ሕንፃው ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ደረጃውም ከፍ ሊል ታስቦ ነበር መሰለኝ። ከነፃነት በኋላ ያንን ደረጃ ማፍረስ ቀላል ነበር። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ! ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፣ ብዙ ሐውልት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ መልስ ግን አላየሁም። ሄዳችሁ እዩት፣ እለምናችኋለሁ።

ከዚያ ወደ አምስት ኪሎ ወረድኩ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። በ1967 ኅዳር ላይ አፋር፣ ሐዳር የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እናታችን። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂው እንጂ ዋናው አጥንት አይደለም፤ እሱ ለብቻው በጥንቃቄ ይጠበቃል። ይሄ ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔን አላለኝም። አንደኛ ክፍል የሚሆኑ ሕፃናት ከመምህራቸው ጋር መጥተው ነበር። አንዷ ትንሽዬ መስታወቱ ጋ ተጠግታ፣ «እንዴ! እኔን ነው የምታክለው!» አለች። እውነቷን ነው። የድንቅነሽ ቁመት ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። መምህሯ «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ግን እሷ ትልቅ ሰው ናት» አለቻት።

አራት ኪሎ ስደርስ ፀሐይዋ በርትታለች። አደባባዩ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልት አለ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ደግሞ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በ1933። ቀኑ እንዲሁ የገጠመ አይመስለኝም። ላይኛው ሐውልት የጭፍጨፋው ነው፣ ታችኛው የነፃነቱ። በመካከላቸው ያሉትን አራት ዓመታት ሰው በየጫካው ሆኖ ነው ያሳለፋቸው። እኔ ማኪያቶ ጠጥቼ፣ ሙዚየም ገብቼ፣ ቀስ ብዬ በግማሽ ቀን ወረድኩት። ይሄን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ቅድስት ሥላሴንም ተሳለምኩ። ከአርበኞቹ መካከል ሲልቪያ ፓንክረስት ተቀብራለች። በዚያ ክፉ ዘመን እንግሊዝ ሀገር ሆና ስለ ኢትዮጵያ ስትጮህ የነበረች ሴት ናት፤ መቃብሯ ጋ ደርሳችሁ ውጡ።

ፒያሳ ግን አልወረድኩም። የማውቀው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ እግሬ እሺ አይለኝም። ከተማ ይለወጣል፣ ይገባኛል። ግን የጠላትን ደረጃ እንኳ አኑሮ አንበሳ ያስቀመጠበት ከተማ ነው። የራሱን አሮጌ ሰፈር ማኖር አያቅተውም ነበር እላለሁ።

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ውሎዬን ነገርኳት። አክስቴ በየቀኑ ስድስት ኪሎ ላይ ታክሲ የምትቀይር ሴት ናት። «ልጄ፣ ደረጃ አልሽኝ? የምን ደረጃ?» አለችኝ። አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ለገና ስትመጪ ትወስጂኛለሽ። ቁልቁለቱን ብቻ ግን፤ ዳገቱን በታክሲ ነው» አለች። ተስማምተናል።

ለዛሬ ይሄው ነው። በሚቀጥለው ክፍል እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱልኝ።